በግቢው ላይ ጣሪያ አይወጣም

ቡራዩ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመልከጼዴቅ፣

እንደምን ከረምክ? የፈጠረህ አምላክ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይጠብቅህ። እኔ ከግራ እጄ በቀር ደህና ነኝ።

«እጅዎ ምን ሆነ?» ትላለህ። ባለፈው ሳምንት ከበረንዳው ስወርድ እግሬ ሸርተት አለና በእጄ ተደገፍኩ። መውደቅ እንኳ አይባልም። በዚያች ትንሽ ነገር የእጄ አንጓ ቀጭ አለ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና «እማማ፣ እንዲህ ያለ አወዳደቅ ይህን አጥንት መስበር አልነበረበትም» አለኝ። ደም አስመረመረኝ። ቫይታሚን ዲ የሚሉት ነገር በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። እሱ ሲያንስ የምንበላው ካልሲየም በቅጡ ወደ አጥንት አይደርስም፤ አጥንቱ ሳያሳምም ለዓመታት ከውስጥ ሲሳሳ ይቆያል። ዛሬ የተሰበረው አንጓዬ ነው፤ ዝም ካልኩ ነገ ዳሌዬ ነው አለኝ። ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት እንዴት አልጋ ላይ እንደምትቀር በአያትህ አይተናል።

ይህን ነገር ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፤ የሚሠራው ግን ፀሐይ ቆዳችን ላይ ስታርፍ ነው። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ ጥቁር ካልሲ። «ታዲያ ፀሐይ እርስዎን የት ያገኝዎታል?» አለኝ። ባለቤቴ አጎትህ ካረፈ ጀምሮ ከክፍሌና ከመጽሐፌ ርቄ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ኪኒን አዘዘልኝ። ከዚያም ሌላ፣ ረፋዱ ላይ እጅና እግሬን ገልጬ ፀሐይ ላይ እንድቀመጥ ነገረኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። መስከረም ላይ ደውለህ በግቢው ውስጥ አራት ሰርቪስ ክፍል ሠርተን እናከራይ ስትለኝ እሺ ብዬህ ነበር። በስልክ መቼም እሺ ነው የምልህ። አንተ ትቸኩላለህ፤ እኔ ድምፅህን መስማቴ ይበቃኝና እሺ ብዬ እዘጋለሁ። በወረቀት ግን አስቤ ነው የምጽፈው። ፊደል የለየሁት አንተ የትምህርት ቤት መጽሐፍህን ጮክ ብለህ ስታነብ አጠገብህ ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌን አትንቀውም ብዬ አምናለሁ።

እምቢ ብያለሁ። ግቢው የሁለታችን ነው። የአጎትህ ድርሻ ለእኔ፣ የአባትህ ድርሻ ለአንተ ተላልፏል፤ አንዳችን ካልፈረምን መሠረት አይቆፈርም። እኔ አልፈርምም። በግራም በቀኝም ጎረቤቶቻችን ፎቅ አቁመዋል። አራቱ ክፍል ከተሠራ ከአጥር እስከ አጥር ቆርቆሮ ይሆናል፤ የሚቀረን በአንድ ጎን የሚያልፉበት መተላለፊያ ብቻ ነው። ፀሐይ የት ልሙቅ? በር ላይ ወጥቼ እግሬን ልግለጥ? የአምቦ መንገድ ሾፌር ሁሉ መኪናውን እያቆመ ሊያየኝ ነው።

መልስህን በእጅህ ጻፈውና ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ። እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። አትደውል።

ጤናህ ይብዛ።
ማሪቱ

—

ትሮንድሃይም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለእትዬ ማሪቱ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእጅዎ ነገር እንዴት ነው? እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርዎ። እንዳልደውል ስላሉኝ ነው እንጂ ደብዳቤዎን እንዳየሁ ስልኩን አንሥቼ ነበር። ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ሳምንት ሙሉ ዝም ይላል?

እትዬ፣ ቫይታሚን ዲ እዚህ አገር የዕለት ወሬ ነው። በዚህ ወር ፀሐይ እንደ እናንተ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ትወጣና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ እሱም ሰማዩ ከተገለጠ ነው። ሕዝቡ ግን ቆሞ ይሄዳል። የዓሣ ዘይት በማንኪያ ይጠጣሉ፣ ኪኒን ይውጣሉ፣ ለጨቅላ ሕፃን ሳይቀር ጠብታ ይሰጡታል። ስለዚህ ለፀሐይ ሲባል ግንባታ አይቆምም። ኪኒኑን በብልቃጥ ገዝቼ ለዕረፍት ወደ አገር በምትገባ ሰናይት በምትባል የሰበታ ልጅ እጅ ልኬልዎታለሁ። በቀን አንድ ነው፤ ለሐኪምዎ ያሳዩት።

ፀሐይዋንም ካስፈለገ መላ አለኝ። መንገድ ዳር ያለውን የፊት ክፍልዎን መስኮት እናሰፋና ትልቅ መስታወት እናስገባለታለን። እዚያው ወንበርዎ ላይ ሆነው እያነበቡ ይሞቃሉ፤ ንፋስ የለ፣ አቧራ የለ። ቢንያም የሚባል ጎበዝ ግንበኛ አግኝቻለሁ፤ መስኮቱንም ክፍሎቹንም አብሮ ይሠራል።

ክፍሎቹን የፈለግኋቸው ለቅንጦት አይደለም። ይህን በደብዳቤ ማስረዳት ይከብደኛል። የሚፈለገው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ያሳደጉት ልጅዎ፣
መልከጼዴቅ

—

ቡራዩ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመልኬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። በጨለማው ወር ብርሃን የሚሆንህ ሰው አይጥፋ።

ኪኒኑ ደርሶኛል፤ ሰናይት የተባረከች ልጅ ናት፣ ከሰበታ እስከ ቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች። ዳሩ ግን ግማሹ አልቋል፤ እኔ አልዋጥኩትም። የአጥንት መድኃኒት ከውጭ መጣ ሲባል ጉልበቱን የሚያመው ሁሉ በር አንኳኳ፤ እኔም ለጎረቤት አይከለከልም ብዬ ዘገንኩላቸው። ኦቦ ሁንዴሳ «ለቀኙ አንድ፣ ለግራው አንድ» ብለው ሁለት ሁለት እየዋጡ ሰነበቱ። ሐኪሙ ሲሰማ ተቆጣኝ። ሰው ሳይመረመር ዝም ብሎ ካበዛው ካልሲየም በደም ውስጥ ይከማችና ኩላሊት ይጎዳል አለኝ። ኦቦ ሁንዴሳን ሄጄ አስቆምኳቸው፤ «ገና መሮጥ ልጀምር ስል» አሉኝ። የቀረውን ቆልፌበታለሁ።

በኪኒኑ ነገር ልክ ነህ። በእኔ ዕድሜ ቆዳ ከፀሐይ የሚያገኘው እንደ ወጣት አይደለም፤ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል ተብያለሁና እውጣለሁ። የመስታወቱን ሐሳብ ግን መልሼልሃለሁ። ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ታሞቃለች እንጂ ቫይታሚኑን የሚያሠራው ጨረር መስታወቱን አያልፍም። ሐኪሙ በሰጠኝ ትንሽ መጽሐፍ ላይ አንብቤ እሱኑ መልሼ ጠየቅሁት፤ እንደዚያው ነው አለኝ። ስንት ዘመን በመስኮቴ ሥር ተቀምጬ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው ስል እንደኖርኩ አስበው።

ደግሞ ግቢው ለእኔ ብቻ አይደለም። የኋላውን ክፍል የተከራየው የሱፍ፣ በር የሚበይደው፣ ነሐሴ ላይ ሴት ልጅ ወልዷል። ስሟ ሐያት ነው። ሚስቱ ኡሙልኸይር ገና ልጅ ናት። የባሏ እናት እማማ ዘይነባ ሊያርሷት መጥተው አልሄዱም፤ ልጅቷን አንድ ቀን ደጅ አላወጧትም፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደውታል። ሄድኩባቸው።

«ምች ይመታታል» አሉኝ።
«ራሷን ሸፍነን፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እናወጣታለን።»
«ዓይን ይበላታል።»
«ግቢ ውስጥ ያለው የእኔ ዓይን ነው፤ እሱ በመነጽርም አያይ።»
«ትጠቁርብኛለች። ማን ያገባታል?»
«መጀመሪያ ቆማ ትሂድ፤ ባሉ ኋላ ይደርሳል።»

ኡሙልኸይር ሳቋን በሻሿ ሸሸገችና ልጅቷን ታቅፋ ወጣች። እማማ ዘይነባ ለቀናት ሰላምታ ነሡኝ። አሁን በየረፋዱ እኔ ካልሲዬን አውልቄ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ሐያት እግሮቿን ገልጣ፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሰፈሩ «ማሪቱ ሐዘኗን ጨረሰች» እያለ ነው። ይበል።

ይህችን ልጅ ለምን እንደማልተዋት አንተ አታጣውም።

ደህና ሁን።
ማሪቱ

—

ትሮንድሃይም፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ማሪቱ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ።

ሳልጽፍ የቆየሁት ሐኪም ቤት እየተመላለስኩ ስለነበር ነው። በኅዳር ማስረዳት ይከብደኛል ያልኩትን አሁን ልንገርዎ። ከልጅነቴ ቀስት የሆኑት እግሮቼ የጉልበቴን ውስጠኛ ጎን በልተውታል። እስከ ዛሬ ክብደቴ ሁሉ ያረፈው በዚያ በኩል ነበር። ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ መዋል አልቻልኩም፤ የሥራ ሰዓቴን ቀንሰውብኛል። አጥንቱን ቆርጠው ሊያቀኑት አስበዋል። ከዚያ በኋላ ለወራት አልሠራም። በዚያ ጊዜ የምኖርበትን ነው ከአራቱ ክፍል ኪራይ አገኛለሁ ብዬ ያሰብኩት።

እግሬ ለምን ቀስት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ እትዬ። እዚህ ሐኪሞቹ ሳይጠይቁኝ ነው ያወቁት፤ «ጨቅላ ሳለህ ፀሐይ አላገኘህም ነበር?» አሉኝ። አንድ ቀን ወቅሼዎት አላውቅም። እናቴ ስትሞት ያነሡኝ እርስዎ ነዎት። አያቴ ያሉትን ሰምተው ያን ያህል ጊዜ በጨለማ ክፍል ያስቀመጡኝም እርስዎ ነዎት። ለሌላ ሰው ልጅ የሚያዝኑትን ያህል ለእኔም ይዘኑልኝ። ከእርስዎ ብዙ ነገር ልጠይቅ እችል ነበር፤ የጠየቅሁት አንድ ፊርማ ነው።

ቢንያም ከጥምቀት በኋላ ሥራ ይጀምራል። ቀብድ ሰጥቼዋለሁ። ወረቀቱን ሲያመጣልዎ ይፈርሙለት።

መልከጼዴቅ

—

ቡራዩ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ። ይህን የምለው እንደ ሰላምታ አይደለም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። እየጻፍኩ ስቀድ ነበር። መጀመሪያ እዚህ የሆነውን ልንገርህ፤ ከቢንያም የሰማኸው ግማሹን ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ ቢንያም ችካልና ሲባጎ ይዞ፣ ሠራተኞቹን አስከትሎ ገባ። ከሱሉልታ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል። እኔ እንደ ልማዴ መሐል ላይ፣ ኡሙልኸይርና ሐያት ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው ፀሐይ ላይ ነበርን። ቢንያም ትሑት ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ይነሡልኝ፤ መለካት አለብን።»
«ለካ፤ ማን ከለከለህ?»
«እርስዎ መሐሉ ላይ ነዎት እኮ።»
«እኔንም ጨምረህ ለካኝ።»
«ጋሽ መልኬ ቀብድ ሰጥቶኛል።»
«መልኬ የሰጠህ ለራሱ ግማሽ ነው። ይሄ የእኔ ግማሽ ነው።»
«የእሱ ታዲያ የቱ ነው?»
«እሱ ሲመጣ ያሳይሃል።»

ወረቀቱን አወጣልኝ። አነበብኩት፤ አጥፌም መለስኩለት። በዚህ መሐል እማማ ዘይነባ የመቀመጫ ዱካ ይዘው ብቅ አሉ። አሁን ሊያስነሡኝ ነው ስል አጠገቤ አኖሩትና ተቀመጡ። «ልጄ ፀሐይ እየሞቀች አቧራ ልታቦኑባት ነው?» አሉት። ጃንጥላ ይዘው ነበር፤ ለራሳቸው። እሳቸው እንዳይጠቁሩ። ኡሙልኸይርም ልጅቷን እንዳቀፈች ከሲባጎው በታች ዝቅ ብላ አለፈችና ከእኛ ጋር ተቀመጠች። የመኪናው ሾፌር «ድንጋዩን የት ላውርደው?» እያለ ይጮኻል። ቢንያም እኛን አየ፣ ሠራተኞቹን አየ፣ ከዚያም «ወደ መጣበት» አለው። ችካሉን ነቅሎ ሄደ። ቂም አልያዝኩበትም፤ ሲወጣም ምሳ ብላ ብየዋለሁ።

ስለ እግርህ። ልክ ነህ። አንዲት ቃል አልከራከርህም። አያትህ «እናቱን የበላ ዓይን እሱንም ይበላዋል፤ አታውጪው» ሲሉኝ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ እሺ አልኩ። አንተ ያን ጊዜ መቆም ሲገባህ ገና ተቀምጠህ ነበር። ከሰዓት በኋላ በበሩ ስንጥቅ ቀጭን ብርሃን ትገባና ወለሉ ላይ ትጋደም ነበር። አንተ በቂጥህ እየተንፏቀቅህ እሷን ትከተላለህ፤ መዳፍህን ትጥልባታለህ። አያትህ አዩና ድፈኚው አሉኝ። በጨርቅ ደፈንኩት። ልቤ አይሆንም እያለኝ እሺ አልኩ። የማላውቀውን ስላላወቅሁ ራሴን አልወቅስም፤ እሺ ስለማለቴ ግን በየቀኑ እወቅሳለሁ።

አንተ አሁን ለዚያ ጥፋት ካሣ ሌላ እሺ ጠየቅኸኝ። የፊተኛው እሺ አንተን ጎዳ። የዛሬው ሐያትን ይጎዳል፤ ከእሷም በኋላ በእነዚያ ክፍሎች ተከራይተው የሚወልዱትን ሁሉ ይጎዳል። እዚህ ግቢ ውስጥ ሌላ የጨለማ ክፍል፣ ያውም አራት፣ በእኔ ፊርማ አይሠራም። በጥፋቴ ልትወቅሰኝ ትችላለህ፤ ልታስፈርመኝ አትችልም።

ግን የምትኖርበት ያስፈልግሃል። ይህን በኅዳር ብትነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ባልደከምን ነበር። የፊት ክፍሌን ለቅቄያለሁ። መንገድ ዳር ስለሆነ ለሱቅ ይፈለጋል፤ ድንቅቱ የምትባል ልብስ ሰፊ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የስፌት መኪናዋን አስገብታ እየሠራችበት ነው። እኔ መጽሐፎቼንና አልጋዬን ይዤ ከኋላ ዕቃ ቤት ወደነበረው ክፍል ገብቻለሁ። ጠባብ ናት፤ በሯ ግን ወደ ግቢው ነው የሚከፈተው። የሱቁ ኪራይ እስክትድን ድረስ የአንተ ነው። ከአራቱ ክፍል አገኛለሁ ያልከውን አያህልም፤ ነገር ግን ከዚህ ወር ይጀምራል፣ ሲሚንቶም አይበላም።

ሳላማክርህ ነው ያደረግሁት። አንተም ቢንያምን ስትልክ አላማከርከኝም።

ማሪቱ

—

ትሮንድሃይም፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ተናደድኩ። ስልኩን አስቀመጥኩና ለቀናት አልከፈትኩትም። ከዚያ ደግሞ ያቺን በበሩ የምትገባ ብርሃን ለማስታወስ ሞከርኩ። አላስታውሳትም። የማስታውሰው እርስዎን ነው፤ ትምህርት ቤት ልጆች በእግሬ ሲስቁብኝ በር ድረስ መጥተው ዝም ብለው ቆመው ያዩዋቸው የነበሩትን። ልጆቹ ግን ይበተኑ ነበር።

ያን ደብዳቤ በጥር መጻፍ አልነበረብኝም። የጻፍኩት እውነት ነው፤ ለምን እንደጻፍኩት ግን አውቃለሁ፤ ደግ ሐሳብ አልነበረም።

ቢንያም ከቀብዱ ግማሹን መልሷል። «አክስትህን ካላስፈቀድክ ሁለተኛ እንዳትጠራኝ» ብሎኛል። የሱቁ ኪራይ ደርሶኛል። ክፍልዎን መልቀቅዎ ግን አንጀቴን በልቶኛል።

ቀዶ ሕክምናው ለግንቦት ተቀጥሯል። መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ሲድን ሌላውን። ከዚያ በፊት ደሜን ሲመረምሩት ደግሞ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው፤ የእኔም ቫይታሚን ዲ ዝቅተኛ ነው። የተቆረጠ አጥንት እንዲገጥም መጀመሪያ እሱ መስተካከል አለበት ብለውኛል። ለእርስዎ በብልቃጥ እየላክሁ እኔ መዋጥ ረስቼ ከርሜያለሁ፤ ዓሣውንም ስከምረው እውላለሁ እንጂ አልበላውም። ይሳቁብኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሐያት ስትቆም ቪዲዮ ይላኩልኝ። እግሮቿን ማየት እፈልጋለሁ።

መልኬ

—

ቡራዩ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመልኬ፣

ዘመኑን በጤና ያሻግርህ። የመጀመሪያው እግርህ መግጠሙን ስትነግረኝ ያደረግሁትን አልጽፍልህም፤ ወረቀት አይችለውም።

እኔ ደህና ነኝ። ደሜ ተመርምሮ ከፍ ብሏል። አጥንቴ ግን የሳሳው ሁሉ ተመልሶ አይደነድንም ተብያለሁ፤ ስለዚህ ኪኒኔን አላቋርጥም፣ እንዳልወድቅም በረንዳው ላይ መደገፊያ ብረት የሱፍ በይዶልኛል። ክረምቱ ፀሐይ ነፍጎን ነው የከረመው። ደመናው በተገለጠ ቁጥር ያለን ሁሉ ሥራ ጥለን እንወጣለን። ድንቅቱ ሳትቀር መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ትመጣለች። በዚህ በኩል ስታልፍ ብታየን የዕድር ስብሰባ ይመስልሃል።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ሐያት የኡሙልኸይርን ቀሚስ ይዛ ቆመች። ቆየችና ለቀቀችው። ወደ እማማ ዘይነባ ሄደች፤ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ትንገዳገዳለች፣ ግን ሄደች። እኔ ፊቷን አላየሁም። ዓይኔ እግሯ ላይ ነበር። ቀጥ ያለ ነው፣ መልኬ። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው።

እማማ ዘይነባ አቅፈው አነሧትና ለጎረቤቱ ሁሉ «እኔ አይደለሁ ከመጀመሪያው ፀሐይ አሙቋት ያልኩት?» አሉ። ኡሙልኸይር ወደ እኔ አየች። በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ምስጋናውን ይውሰዱት።

የሱፍ በስልኩ ቀርፆታል። ለእኔም ልኮልኛል፤ ደጋግሜ አይቸዋለሁ። ለአንተ ግን አልልከውም። ሁለተኛው እግርህም ይግጠም፣ ክራንቹን ጣል፣ ከዚያ በራስህ እግር መጥተህ እያት።

ማሪቱ